የአለቃ ምሕረቱ ፊት

ያላደረግሁትን አድርገሃል ተብዬ ፊደል ተከልክያለሁ። ያስከለከለኝ የእናቴ አባት ተገኝ ነው። ያኔ ሰባት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ፊደል የጨረስሁት በሃያ ስምንት ዓመቴ፣ ላሊበላ ለጎልማሶች በተከፈተ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበቴ በማይገባበት የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ተገኝን በአፌ አባባ እያልሁ፣ አንቱ ብዬው ነው የኖርሁት። ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን አልሰጠውም። አለቃ ምሕረቱ ምንም አልበደሉኝም፤ ለእሳቸው እሰጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ጥግ ላይ አንድ ሰውዬ አሮጌ ማኅደር ለፈረንጅ ሲሸጥ አየሁ። ማኅደር ማለት መጽሐፍ የሚቀመጥበት፣ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የቆዳ ከረጢት ነው። ክዳኑን ከፈት ሲያደርገው ሽታው መጣ፤ የቆየ ቆዳ፣ የቤት ጭስና የአይጥ ሽንት አንድ ላይ። የበቅሎዬን ልጓም ይዤ ቀጥ አልሁ። ሥራዬ ሰው በበቅሎ አሸተን ማርያም ማውጣት ነው። ስንቱን ፈረንጅ በገደል አፋፍ አሳልፌያለሁ። የአንድ ባዶ ከረጢት ሽታ ግን አላሳልፍ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ይህን ነገር እንደ ሆነው ለመጻፍ የቆረጥሁት።

ቤታችን ከአሸተን ተራራ ሥር ካለች መንደር ነበር። አባቴን ደርግ ለጦርነት ወስዶት አልተመለሰም። እናቴ ኩልመስክ ባል አግብታ ስትሄድ እኔን ለአባቷ ተወችኝ። ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ ተገኝ፣ የእናቴ ታናሽ እህት እትዬ ዝማም፣ እኔ። አለቃ ምሕረቱ ከተቆጠሩ አራት። እኔ እቆጥራቸው ነበር።

አለቃ የተገኝ አያት ናቸው። በዘመናቸው ቤተ ክርስቲያን ያስተዳደሩ፣ መሬት የነበራቸው፣ በእጃቸው መጽሐፍ የጻፉ ሰው ናቸው ይባላል። አንድ ፈረንጅ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሊያይ መጥቶ በመጻፊያ ክፍላቸው እንደ ተቀመጡ ፎቶግራፍ አነሣቸው። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ፎቶ የተነሣ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። ፎቶው ቡናማ ነው፤ እቤታችን ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር። ወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፏል፤ ከሁለት መዳፍ አይበልጥም። አለቃ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ካባቸው ጥቁር ነው። ጉልበታቸው ላይ ብራና ዘርግተዋል። ከእግራቸው አጠገብ ሁለት የቀለም ቀንዶች መሬት ላይ ተተክለዋል፤ አንዱ የጥቁር፣ አንዱ የቀይ። ከኋላቸው መጻሕፍታቸው በየማኅደራቸው ተሰቅለዋል፤ በስተቀኝ ደግሞ የእመቤታችን ሥዕል አለች። ለፈረንጁ ብርሃን ይግባለት ተብሎ የቤቱ በር ተነቅሎ ነበር አሉ።

የሚያስፈራው ቀኝ እጃቸው ነበር። ሌላው ነገር ሁሉ እንደ ድንጋይ ቆሟል፤ እጃቸው ግን ጉም ነው። ወይ ጣት የለውም፣ ወይ አሥር ጣት አለው። ፈረንጁ ቆጥሬ እስክጨርስ አይንቀሳቀሱ ሲላቸው አለቃ መስመሩን ልጨርስ ብለው መጻፋቸውን ቀጠሉ ይባላል። ዘመድ ይህን በኩራት ያወራዋል። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። አለቃ ሌላው አካላቸው ሞቶ እጃቸው ብቻ አልሞተም፣ እስካሁን ይጽፋል ብዬ ነው የተረዳሁት።

እትዬ ዝማም ደግሞ አባሰችው። ወተት ከደፋሁ፣ ጥጃ ካስጠባሁ፣ ከእንጀራው መሶብ ከሰረቅሁ፣ “አለቃ ጻፉህ” ትለኛለች። ለእሷ ቀልድ ነው። እኔ በየጠዋቱ ተነሥቼ ብራናው ላይ ያሉትን መስመሮች እቆጥር ነበር። ማንበብ አልችልም፤ መቁጠር ግን እችላለሁ። ዘጠኝ ነበሩ። አንዳንድ ቀን አሥር ይሆኑብኛል። አሥር በሆኑበት ቀን ቁርስ አልበላም።

አንድ ቀን እያለቀስሁ ነጠላ ጣልሁባቸው። ዝማም ደርሳ አነሣችው፤ አለቃን አፍኖ ሊገድላቸው ነበር እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ይህችን ነጠላ አትርሷት። ኋላ መጥታብኛለች።

በዚያው ዓመት በመስከረም ተገኝ ራሱ እጄን ይዞ የኔታ ዘንድ አስገባኝ። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከወይራው ሥር ነበር የሚያስተምሩት። ተገኝ፣ የአለቃ ዘር ነው አላቸው፤ ጨከን ብለው ያስተምሩልኝ አላቸው። እኔ ሳይጨክኑብኝ ተማርሁ። ሌሎቹ ልጆች ሲያንቀላፉ እኔ መጠቆሚያ ስንደዶዬን ከፊደሉ ላይ አላነሣም ነበር። የኔታ ጎበዝ ይሉኛል። ጉብዝና አልነበረም። አለቃ ስለ እኔ የጻፉትን ለማንበብ ነበር የቸኮልሁት።

እስከ ‹ቀ› ደረስሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ዓመት አልሞላም ነበር። መሬት እንደ ገና ይደለደላል ተባለ። ኮሚቴ ተመረጠ፤ ከኮሚቴው አንዱ ጎረቤታችን አያ ደመቀ ነው። ረጅም፣ ሲስቅ አንድ ዓይኑ የሚጨፈን፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚቀልድ ሰው ነበር። ከድልድሉ ጋር ‹የፊውዳል ርዝራዥ› የሚል ቃል አብሮ መጣ። ርዝራዥ የሆነ ሰው መሬቱ ይቀነስበታል ይላሉ። እኔ ርዝራዥ ገላ ላይ የሚወጣ ነገር መሰለኝ። ወንዝ ስወርድ ክንዴንና ሆዴን እያገላበጥሁ ፈልጌዋለሁ።

ከዚህ የባሰው ገመዱ ነው። መሬት የሚለካው በገመድ ነው፤ ይህን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። እኔ የምሰማው፣ ገመዱ ላይኛው መንደር ደርሷል፣ ገመዱ እነ እገሌን ጨረሳቸው፣ ተገኝም ከገመዱ አያመልጥም ሲባል ነው። ይሁዳ በገመድ መታነቁን የኔታ ነግረውናል። እንግዲህ እኔ ምን ልበል? ተገኝ ጎንበስ ብሎ ሲበላ ማጅራቱን አየዋለሁ። ቀጭን ነበር። ዛፎቻችንንም አይቻለሁ። ለሰው የሚሆን ቅርንጫፍ ያለው ከቤታችን በላይ ያለው ዋንዛ ብቻ ነው ብዬ ወስኜ፣ በዚያ በኩል ማለፍ ተውሁ። ከምንጭ ስመለስ ዞሬ ነበር የምገባው። ዝማም ስትቆጣኝ ምክንያቱን አልነገርኋትም። መናገር ገመዱን መጥራት መሰለኝ።

አያ ደመቀ የቤቱን ሰው ሊቆጥር የመጣው በኅዳር ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ልክ እንደ አለቃ ተቀመጠ። እኔ ከምሰሶው ጀርባ ሆኜ እጁን አየሁ፤ እጁ ጉም አልሆነም። ስንት ነፍስ ናችሁ አለ። ተገኝ ሦስት አለው። አለቃን ደብቆ ነው የቆጠረው ብዬ ደነገጥሁ። ደመቀ ጻፈና ቀና ሲል ዓይኑ ፎቶው ላይ አረፈ። ፎቶውን አየ፣ ተገኝን አየ፣ እኔን አየ።

“አባ ተገኝ፣ ይህን አፍንጫ ይዘው ደሀ ገበሬ ነኝ ቢሉ ማን ይሰማዎታል?” አለ። “ልጁም ላይ አውርደውታል እኮ። መሬቱ ቢቀር አፍንጫው አልቀረም።”

ዝማም ሳቀች። ተገኝም ሳቀ። ለደመቀ ጠላ ሊጨምርለት ማንቆርቆሪያውን አነሣ። ጣሳው ሞላ፤ ፈሰሰ፤ የደመቀ ጉልበት ላይ ወረደ፤ ተገኝ አሁንም ይቀዳል። ደመቀ እየሳቀ ወረቀቱን ወደ ላይ አነሣ።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ገብስ ይወቃ ነበር። አውድማ ላይ ሳለን የሚወቁት ሰዎች ውሃ ጠማቸውና ቅሉን አምጣ ብለው ላኩኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። በሩን ገፋ ሳደርገው ተገኝ ብርሃን በሚገባበት ቦታ ተቀምጧል፤ አለቃ ጉልበቱ ላይ ናቸው። በእጁ ብዕር የሚቀርጽባትን ትንሽ ካራ ይዟል። ተገኝ ለመንደሩ ሰው ማመልከቻና ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ከቆየ ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል ማጥፋት ያውቅበታል። በካራው ጫፍ ቀስ፣ ቀስ፣ ብራናው ሳይቀደድ። አለቃንም እንደ ተሳሳተ ፊደል ነበር የሚፍቃቸው።

መጀመሪያ የሄደው አፍንጫቸው ነው። ከዚያ ጉንጫቸው፣ ከዚያ ዓይናቸው። ቡናማ ብናኝ ሱሪው ላይ ወረደ። እፍ አለው። ቀና ሲል በሩ ላይ ቆሜ አየኝ።

ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም። “ከእንግዲህ አያዩህም” አለኝ። “ደስ አይልህም?”

ደስ አለኝ። ይህን አልክድም። ተገኝ ለእኔ ብሎ፣ በእኔ ለቅሶ ምክንያት ያደረገው መሰለኝ። አያቴ እንደዚያ ይወደኛል ብዬ ሮጬ ወደ አውድማ ተመለስሁ፤ ቅሉን ረስቼ። የደመቀን አፍንጫ ከዚያ ካራ ጋር ያገናኘሁት ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ ነው።

ለምን አላቃጠለውም ትሉ ይሆናል። የእመቤታችን ሥዕል አለችበታ። እሷን የሚያቃጥል እጅ በእኛ አገር የለም። እንዳይቀብረውም ፎቶው የእሱ ብቻ አይደለም። የአለቃ ዘር ሦስት ቤት ነው፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ ከነአኩቶ ለአብ በኩል ያለው፣ አንዱ የኩልመስኩ። አለቃ ባረፉበት ቀን፣ በጥር ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም፣ ሦስቱም ቤት እኛ ዘንድ ተሰብስቦ ዝክራቸውን ያወጣል፤ ፎቶውም ወጥቶ ሁሉም ይሳለመዋል። ተገኝ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አልነበረም። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ገመዱ ከጥር በፊት መጥቶ ያልፋል ብሎ ይሆናል። አይጥ በላው ሊል ይሆናል። የፈራ ሰው ሩቅ አያስብም።

ፎቶውን ማኅደር ውስጥ ከተተው። ማኅደሩን ጎታ ውስጥ ደበቀው። ለዝማም፣ ጭስ እንዳይጎዳው ነው አላት።

ደስታዬ ሳምንት አልቆየም። አንድ ጠዋት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የተፋቀው ፊታቸው ነው፣ እጃቸው አልተፋቀም። እጃቸው እዚያ ጎታ ውስጥ፣ ገብስ መሐል፣ አሁንም ይጽፋል። ዓይን ሳለ የሚጽፉት ያዩትን ነበር። አሁን ግን ሳያዩ ነው የሚጽፉት። ሳያይ የሚጽፍ ሰው ያልሠራሁትንም ይጽፍብኛል ብዬ አሰብሁ።

ጥር ሃያ አንድ ደረሰ። ገመዱ አልደረሰም።

ቤቱ ሞላ። ከኩልመስክ አያ መርሻ ቤተሰቡን አስከትሎ መጣ፤ ድምፁ ከሰውነቱ ቀድሞ የሚገባ፣ ሽምግልና የሚወድ ሰው ነው። እናቴ አራስ ነበረችና አልመጣችም። ጸሎቱን ሊያደርሱ አባ ኃይለ ኢየሱስ የሚባሉ መነኩሴ ከአሸተን ወርደዋል። ከጸሎቱ በኋላ ፎቶው በቀይ ጨርቅ እንደ ተሸፈነ መሐል ላይ ተቀመጠ። ተገኝ ጨርቁን አልነካም። መርሻ ነው የገለጠው።

ማንም አልጮኸም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አንዲት አሮጊት በግንባሯ ተደፋች። መርሻ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ወስዶ አየ፤ ከዚያ ዞሮ፣ ይህ በካራ ነው አለ፤ አይጥ ካራ አይዝም አለ። ማን ነው ተባለ። ነገሩ እስኪታወቅ እህል አይቀመስ ተባለ። መሶቡ እንደ ተከደነ ቀረ።

አባ ኃይለ ኢየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። የገዘቱበትን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም።

“ያደረገ ይናገር። ያየም ይናገር። አድርጎ የደበቀ፣ አይቶም ዝም ያለ፣ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን።”

አርዮስ ማን እንደ ሆነ አላውቅም። ከግዳን አገር ማዶ፣ ጅብ በሚበዛበት ገደል ብቻውን እንዲኖር የተባረረ ሰው መሰለኝ። እሱ ዘንድ ሊልኩኝ ነው አልሁ። ያየሁት እኔ ነኝ። ብናገር አያቴ ይለያል፤ ለእኔ ብሎ አይደል ያደረገው? ዝም ብል እኔ እለያለሁ። እግሬ ሥር ሞቀኝ፤ ሽንቴ ነበር። ተገኝን አየሁት። እሱ የእግሩን አውራ ጣት ያይ ነበር። በመጨረሻ አፌን ከፈትሁ። ምን ልል እንደ ነበር ዛሬም አላውቅም። እሱ ቀደመኝ።

“ልጁ ነው” አለ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዝማም የነጠላውን ነገር አወጣች፤ ድሮም ይጠላቸው ነበር አለች። አባ ኃይለ ኢየሱስ ቁልቁል እያዩኝ ስንት ዓመቱ ነው ብለው ጠየቁ።

“ሰባት አልሞላውም” አለ ተገኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ግዝት አይይዘውም፤ በእኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ የለም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ግዝቱ መሬት ሳይነካ ሊያልፍ የሚችለው በእኔ ላይ ብቻ ነበር። ተገኝ ይህን አስልቶ ነው። አባ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰው ሁሉ እፎይ ሲል ሰማሁት። የመሶቡ ክዳን ተነሣ።

ሰባት ዓመቴ ግን በፍልሰታ ሞልቷል። እናቴ ነግራኛለች፤ ቆጥሬዋለሁ። ዝማምም ታውቃለች። ወደ ወጡ ድስት ዞረች። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ግዝት የያዘው ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አመንሁ። ሌላው ሁሉ እየበላ ነበር።

መርሻ በዚህ አልበቃውም። ልጅም ቢሆን እጅ እጅ ነው አለ። የአለቃን ፊት የፋቀ እጅ ፊደል እንዳይቆጥር፣ ብዕር እንዳይይዝ፤ በየዓመቱ በዝክራቸው ቀን ፎቶውን ታቅፎ ዘመድ ተሳልሞ እስኪጨርስ እንዲቆም ፈረደ። ሽማግሎቹ ተስማሙ። ተገኝን ምን ትላለህ አሉት።

“ይሁን” አለ።

በማግሥቱ ስንደዶዬን ወስዶ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። እኔ አይደለሁም እኮ አባባ፣ አልሁት። ከብቶቹን አውጣ አለኝ። እናቴ ኋላ ስትሰማ መጣች፤ አለቀሰች፤ አባቷን ለመጠየቅ ግን አልደፈረችም። ተወው ልጄ፣ ብላኝ ተመለሰች።

ገመዱ የመጣው በየካቲት ነው። በዋንዛው በኩል ሲመጡ አየሁና በረት ውስጥ ጭድ ሥር ገባሁ። ጩኸት ስጠብቅ ቀልድ ሰማሁ። ብቅ ስል አያ ደመቀ የገመዱን ጫፍ ይዞ በእርሻችን ላይ ይራመዳል፤ በየመካከሉ ይቋጥረዋል፣ ይቆጥራል። ማንንም አልሰቀሉም። የወንዙን ዳር ማሳ ቆርጠው ወሰዱ፤ ከጎረቤቶቻችንም በነፍስ ብዛት እየቆጠሩ እንደዚያው ቆረጡ። ፎቶግራፍ የጠየቀ የለም። አፍንጫ ያነሣ የለም። አድጌ ደመቀን ስለዚያ ቀን ብጠይቀው፣ የትኛው አፍንጫ አለኝ። ረስቶታል።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ተገኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መግባት ተወ። ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው። ሰው ለልጁ ኃጢአት ራሱን ዝቅ አደረገ እያለ ያመሰግነው ነበር። እኔም አመንሁት። በእኔ ምክንያት ዝናብ ሲመታው እያየሁ አፍር ነበር።

የመጀመሪያው የመታቀፍ ዓመት ሲደርስ ፎቶውን ከማኅደሩ ሳወጣ ጀርባውን አየሁት። ድሮ ሁለት መስመር ብቻ ነበረበት፤ ስማቸውና ዘመናቸው ነው ይባላል። አሁን ከሥሩ ሌላ ጥቁር ጽሑፍ አለ። ቆጠርሁት፤ አምስት መስመር። እጃቸው ዞሮ መጥቶ ጽፎብኛል። ፍርዴ ነው አልሁ። ለማንም አላሳየሁም። ፍርዱን ሰው እንዳያይብኝ ጀርባውን ደረቴ ላይ አጥብቄ ለጥፌ፣ የተፋቀውን ፊት ወደ ሰው አዙሬ ቆምሁ። ሲያበቃ ተገኝ ራሱ ተቀብሎኝ ወደ ማኅደሩ መለሰው። ሃያ አንድ ዓመት እንደዚያ ቆምሁ። ላሊበላ ወርጄ በቅሎ መንዳት ከጀመርሁ በኋላም፣ ሚስት ካገባሁ በኋላም፣ ጥር ሃያ አንድ ሲደርስ ወጥቼ እቆም ነበር። ሰው አንብብልኝ ማለት ፍርዴን በአደባባይ ማውጣት ነው። ራሴ ማንበብ ነበረብኝ። ፊደል የተማርሁት ለዚህ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም።

መማሬን ለማንም አልተናገርሁም። ከ‹ቀ› ነው የቀጠልሁት።

ፊደል ከጨረስሁ በኋላ የመጀመሪያው ዝክር ሲደርስ መንደር ወጣሁ። ተገኝ አርጅቶ መደቡ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። አባ ኃይለ ኢየሱስ ካረፉ ቆይተዋል፤ ደቀ መዝሙራቸው የነበሩ ሌላ መነኩሴ መጥተዋል። ጓዳ ገብቼ ማኅደሩን ከፈትሁ። ሽታው መጣ። ፎቶውን ገልብጬ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋሁት። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለቴ አነበብሁት። ከዚያ ጀርባውን ወደ ሰው አዙሬ ወጣሁ።

“ገልብጠህ ያዝኸው” አለኝ መርሻ።

“አልገለበጥሁም፣ አያ መርሻ።”

አንዱ፣ ያልተማረ ሰው ፊትና ጀርባ በየት ይለያል አለ። ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ጣቴን ከጽሑፉ ሥር አድርጌ፣ ፊደል ፊደሉን እየያዝሁ ጀመርሁ።

“እኔ ተገኝ...”

ድምፄ ጠፋ። መነኩሴው ወደ ተገኝ ዞሩ። ተገኝ ከመደቡ ላይ ቀና አለ። አንገቱ አሁንም ቀጭን ነበር።

“ጮክ በል” አለኝ። “በር ላይ ያሉት አልሰሙም።”

ጮክ አልሁ።

“እኔ ተገኝ የአለቃን ፊት በእጄ ፋቅሁ። መሬት እንዳይወሰድብን ፈርቼ ነው። ልጁ አላደረገም። ሰባት ዓመቱም ሞልቷል። ይኸው ተናግሬአለሁ።”

አባ ኃይለ ኢየሱስ ያደረገ ይናገር ነበር ያሉት። ተገኝ በዚያው ሰሞን ተናገረ፤ በቀለም፣ ከካርቶን ጀርባ፣ ማንም በማያገላብጠው ቦታ፣ ያገላብጠው የነበረውን አንዱን ልጅ ፊደል አስከልክሎ። ግዝቱን እንደዚህ የሚያታልለው መስሎት ነበር። አለመታለሉን ግን ያውቅ ነበር፤ አለዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ከግንቡ ሥር ባልቆመ።

“አባባ፣ ለምን አልነገሩኝም?” አልሁት።

“ጻፍሁት እኮ።”

“ለማን?”

“ለሚያነብ” አለ።

መርሻ ጋቢውን ወደ ፊቱ ስቦ ተቀመጠ። ዝማም ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማል። መነኩሴው የተበደለው ይሁን ካላለ ግዝቱን አልፈታም ብለው እኔን ጠየቁኝ። ይፈታ አልሁ። ይቅር አልሁት ወይ ካላችሁ፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የጠየቀኝም የለም። ተገኝ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ሲሳለም ማጅራቱን አየሁ፤ ዓይኔን አዞርሁ።

ሰው ወደ መሶቡ ሲቀርብ እስክርቢቶ ያለው ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ተማሪ ሰጠኝ። ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከተገኝ ጽሑፍ ሥር፣ የተነበበበትን ቀን ጻፍሁ፦

ጥር 21 ቀን 2006 ዓ.ም.